ከዛፉ ሥር የሰማሁት

ሰቆጣ ዙሪያ፣ ግንቦት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ኪዳኑ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የደሃናው ሹፌር ገብረ ኢየሱስ ነው። ስልክ ቁጥርህ እኔ ዘንድ አለ። ሦስት ጊዜ ልደውል ጀምሬ ሦስቴም ቁጥሩን ሳልጨርስ ተውኩት። ድምፅህን ብሰማ የምለው ሁሉ የሚጠፋኝ መሰለኝ። ስምንተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ቀን ኖሯል ብዬ ወረቀት ገዛሁ። ቁጥርህ እንዴት እጄ እንደገባ ስታነበው ትደርስበታለህ፤ እስከዚያው ታገሰኝ።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ሁሉ ልዘርዝር ብል ወረቀቱ አይበቃኝም። መንገድ ተዘጋ፣ መብራትና ስልክ ጠፋ፣ ሰው ተሰደደ፣ የተረፈው ተመለሰ። ስልኩ የተመለሰ ጊዜ በየቤቱ እልልታና ለቅሶ ተደባለቀ፤ የእኛ ቤት ብቻ ዝም አለ። እናትህ «በሕይወት ካለ ይመጣል» ይላሉ፤ እኔ ሥራዬን እሠራለሁ። ለቅሶ እንዳልቀመጥ መርዶ አልመጣልኝ፤ ሌላ ኑሮ እንዳልጀምር የሰው ሚስት ነኝ። ወንድሜ ምሳው ሰቆጣ ቤቱ ሊወስደኝ ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ እናትህ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው «ልጄ ሲመጣ ባዶ ቤት ያግኝ?» እያሉ አለቀሱ። ሁለቱንም ጊዜ የቋጠርኩትን ልብስ መልሼ ፈታሁ። ሰባት ዓመት እንዲህ ሄደ።

ለንስሐ አባቴ ብቻ የተናገርኩትን ዛሬ ላንተም ልናገር። ጎረቤታችን ወለተ ኪሮስ የባሏ መርዶ መጥቶላት ደረቷን ስትደቃ አጠገቧ ቆሜ ቀናሁባት። እሷስ አወቀች አልኩ በልቤ። የዚያን ዕለት ያንተንም መርዶ ተመኘሁ። እንዳልጠላሁህ እግዚአብሔር ያውቃል። መጠበቁ ደርቆ አንገቴ ላይ እንደ ቀረ ቀንበር ሆኖብኝ ነው። ካህኑ ስግደት ሰጡኝ፣ ሰገድኩ፤ ምኞቱ ግን በአንድ ጊዜ አልወጣልኝም።

ባለፈው ኅዳር ነው ነገሬ መለወጥ የጀመረው፤ በመጋዝ። ሰባት ሴቶች ሆነን የማገዶ ማኅበር አለን። ከተራራው ጎን የተሰጠንን ባሕር ዛፍ እየቆረጥን ለዳቦ ቤቶችና ለአዳሪ ተማሪዎች ወጥ ቤት ፍልጥ እናቀርባለን። እስከዚያ ድረስ በምሳርና በእጅ መጋዝ ነበር፤ የስንታችን ትከሻ እንደ ወለቀ አትጠይቀኝ። አንድ ድርጅት ሦስት የሞተር መጋዝ ሊገዛልን ተስማማና «መርጣችሁ ንገሩን» አለን። ሴቶቹ ማንበብ ትችላለች ብለው እኔን ላኩኝ። ከድርጅቱ ደግሞ አቶ የኔሰው የሚባሉ ባለሙያ አብረውኝ መጡ።

ሰቆጣ የግንባታ ዕቃ የምትሸጠውን ሸምሲያን ታስታውሳት ይሆናል፤ የሠርጋችንን ቆርቆሮ ከአባቷ ሱቅ ነው የገዛኸው። አሁን ሱቁን የያዘችው እሷ ናት። አቶ የኔሰው እንደ ገቡ «ትልቁን ሦስት» አሏት። «ትልቅ ትንሹንም ይቆርጣል፤ ትንሽ ግን ትልቁን አይቆርጥም።»

ሸምሲያ ከወንበሯ ሳትነሣ «የሚይዘው ማን ነው?» አለች።

«ማኅበሩ ነዋ።»

«ማኅበር እጅ የለውም። እኔ የምጠይቀው ማን እንደሚይዘው ነው።»

«እኔ ነኝ፤ ከስድስት ሴቶች ጋር» አልኳት።

ተነሥታ ትልቁን አውርዳ ሰጠችኝ። «ያዢው። አስቀምጪ እስክልሽ እንዳታስቀምጪ» አለችና ለሌላ ደንበኛ ምስማር ልትመዝን ሄደች። መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ምስማሩ ተመዝኖ፣ ተቋጥሮ፣ ሰውየው ስለ ልጁ ሕመም አጫውቷት እስኪወጣ ድረስ ግን ክንዴ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ላቤ ወረደ። አቶ የኔሰው ወደ መንገዱ ዞረው ያላዩ መሰሉ።

«በይ አስቀምጪ» አለች ተመልሳ። «በዚህ ክንድ ጠዋት ግንድ ትጥይበታለሽ፣ ጥሩ። ከቀትር በኋላስ ቅርንጫፍ ስትመለምዪ? የደከመ ክንድ ነው እግር የሚቆርጠው። መጋዝ እንደ ጫማ ነው እህቴ፤ በባለቤቱ ልክ ነው የሚገዛ።»

ከዚያ ሦስት ዓይነት መጋዝ ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። ሰንሰለቱ የሚዞርበት ላማ የረዘመውን ግንድ ለመጣል፣ መካከለኛውን ግንዱን በልክ በልክ ለመቆራረጥ፣ አጭሯንና ቀላሏን ቅርንጫፍ ለመመልመል። ሰንሰለቱን ቀጥ የሚያደርገውን ፍሬን በእጄ አስነካችኝ። ሞተሩን የሚያስነሣው ካንዴላ እንዴት እንደሚፈታ፣ ሰንሰለቱ በምን ሞረድ እንደሚሳል፣ መለዋወጫው ከደሴ በስንት ቀን እንደሚመጣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። መለዋወጫው የማይገኝለት አንድ የሚያብረቀርቅ መጋዝም ነበር፤ ሳልጠይቃት ራሷ ወደ ጎን ገፋችው። «ሦስት ወር ነው ዕድሜው፤ ከዚያ ግድግዳ ላይ ትሰቅዪዋለሽ» አለች።

አቶ የኔሰው «ይቺ ትንሿ እኮ መጫወቻ ናት» አሉ።

«አቶ የኔሰው፣ ተራራ ይዘነው የምንወጣው እኛ ነን። ከሦስቱም አንድ አንድ ይሁንልን» አልኳቸው።

ድምፄ ወፍራም ሆኖ ወጣ። እሳቸውም ፈረሙ። ኪዳኑ፣ ምን እንዳደረግሁ ያወቅኩት ከሱቁ ወጥቼ መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው። ከሰባት ዓመት ወዲህ በአፌ «ይሄ ይሁንልኝ» ያልኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነበር።

የሸምሲያ ወንድም ነስረዲን ሁለት ቀን ተራራው ድረስ እየመጣ አሠለጠነን። አወዳደቁን፣ ሽብልቅ አገባቡን፣ መሸሻ መንገድ ማበጀቱን። «ሁለት ጫፉ ተደግፎ የተንጠለጠለ ግንድ ካገኛችሁ ከላይ እንዳትጀምሩት፣ መጋዙን ይነክሰዋል» ብሎናል፤ ሰምቻለሁ። ሴቶቹ ንብረት ያዥ አደረጉኝና መጋዞቹ እኛ ቤት ያድሩ ጀመር። እናትህ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ «ያ ጩኸታም» ነው የሚሉት። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር ነጠላቸውን ይሰበስባሉ።

ከጓሮ የተከልካቸው ባሕር ዛፎች ደርሰው ነበር። እኔ በቀን ስንት ዛፍ የምጥል ሴት፣ ከእነሱ አንድ ቅርንጫፍ መንካት አልችልም። «የልጄ ናቸው፤ ሲመጣ ራሱ ይቆርጣቸዋል» ይላሉ። ለሌላው ቤት ፍልጥ አቀርባለሁ፣ ለቤታችን ኩበትና ጭራሮ እለቅማለሁ። ሴቶቹ ይስቁብኛል። እኔም እስቅ ነበር።

የካቲት መጀመሪያ ላይ ኃይለኛ ነፋስ ተነሣና አንደኛውን ዛፍ ከሥሩ ነቀለው። ጨርሶ አልወደቀም፤ ጎን ካለው ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተጋድሞ ተንጠለጠለ። ከሥሩ ፍየሎቹ ናቸው የሚታሰሩት። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከወንዙ ማዶ ትልቅ ለቅሶ ስለነበር መንደሩ በሙሉ ወርዷል፤ እናትህ ወገባቸውን ስላመማቸው እኔም እሳቸውን ብዬ ቀርቻለሁ። ትልቁንና ትንሿን መጋዝ ይዤ ስወጣ አዩኝ።

«ወዴት ነው?»

«ዛፉን ላወርደው። ፍየሎቹ ላይ ሊወድቅ ነው።»

«ተዪው። ኪዳኑ ሲመጣ ያነሣዋል።»

ይህንን ቃል መቶ ጊዜ፣ ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ግን አንድ ነገር ውስጤ ተበጠሰ። «ይምጣና ያንሣው እንግዲያ! የት አለ? ያሳዩኝና እኔም እግሩ ሥር ልውደቅ!» ብዬ ጮህኩባቸው። በሕይወቴ ድምፄን ከፍ አድርጌባቸው አላውቅም። ፊታቸው ዐመድ መሰለ፤ ወደ ቤት ገቡ። አለማወቄ ነው እንጂ ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ፍየሎቹን ፈታሁ። በንዴት ሞተሩን አስነሥቼ፣ የነስረዲንን ምክር ረስቼ፣ ከላይ ጀመርኩት። ግማሽ ሳልደርስ ግንዱ ጎበጠና ላማውን ነክሶ ያዘው። ሞተሩን አጥፍቼ ብጎትት፣ ብወዘውዝ እምቢ አለ። ከሥሩ ገባሁ፤ መግባት አልነበረብኝም። አንድ ነገር ጧ አለ። ግንዱ ከቆረጥኩት ላይ ተሰብሮ ተንከባለለ፤ ትልቁን መጋዝ ጨፍልቆ፣ እኔን በጀርባዬ አንጋሎ፣ ግራ እግሬ ላይ ከጉልበቴ በታች ተጋደመ። መሬቱ አዲስ የታረሰ ባይሆን ኖሮ ዛሬ እግር አልነበረኝም፤ አፈሩ ትንሽ ዋጠልኝ።

መጀመሪያ ሕመሙ አልተሰማኝም። የተሰማኝ አለመንቀሳቀሴ ነው። ጮህኩ። ድምፄ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። ከእናትህ በቀር የሚሰማ ሰው አልነበረም።

እናትህ መቆፈሪያውን እንደ ምርኩዝ ይዘው ሮጠው መጡ፤ የወገባቸው ሕመም ግድ አልሰጣቸውም። ሲያዩኝ አማርኛው ጠፋቸው፤ በአፍ መፍቻቸው በኸምጣኛ ማርያምን ይጠሩ ጀመር። መቆፈሪያውን ከግንዱ ሥር ከተው ሊያነሡት ሞከሩ፤ ግንዱ ንቅንቅ ሲል እኔ በሥቃይ ስጮህ ለቀቁት። በእጃቸው አፈሩን ጫሩ። ጥፍራቸው ደማ። ሄደው ሰው ይጥሩ እንዳልላቸው በዚያ ወገባቸው ማዶ ደርሰው እስኪመለሱ ፀሐይ ትጠልቃለች፤ እግሬ ደግሞ ከቁርጭምጭሚቴ በታች እየደነዘዘ ነው። ላቤ ቀዘቀዘ። ሳላውቀው ዓይኔን ሳልከድን አልቀረሁም፤ ጉንጬን በጥፊ መቱኝ።

«ዓይናዲስ! ዓይናዲስ፣ ሳልነግርሽ ብትሞቺ እኔ የት እገባለሁ?»

«ምኑን እማ?»

«ኪዳኑ አለ።»

የመጣህ ነው የመሰለኝ። እውነቴን ነው። አንገቴን ወደ አጥሩ በር አዞርኩ።

«የት?»

«ጂቡቲ። ሚስት አግብቷል። ሴት ልጅ ወልዷል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለጥምቀት ገብረ ኢየሱስ ፎቶውንና ስልኩን አመጣልኝ። ‹ለዓይናዲስ ንገሯት፣ እኔን አትጠብቅ፣ ሕይወቷን ትኑር› ብሎ ነበር የላከው።»

«እና?»

«ደብቄሽ ነዋ! ደወልኩለትና ‹ነግሬያት ነበር፣ አልሄድም አለች፣ ከእርስዎ ጋር እኖራለሁ አለች› አልኩት። ልጄ ትቶኝ ሄደ። አንቺም ብትሄጂ ማን እማ ይለኛል ብዬ ነው። ይፍቱኝ ብዬ ካህን ፊት እንኳ አልቀረብኩም። ሁለት ዓመት ቆርቤ አላውቅም።»

ግንባራቸውን አፈር ላይ ደፍተው ያለቅሳሉ። እኔ ሰማዩን አያለሁ። ዛፉ እግሬን ይዞታል፣ ሴትዮዋ ሁለት ዓመት ሙሉ ይዘውኛል፣ አንተም በሰው አፍ ልከህ ዝም ብለሃል። ከሦስታችሁ የትኛው እንደሚከብድ መለየት አቃተኝ። ልጥላቸው ፈለግሁ፤ ጊዜ አልነበረኝም። ከዚያ ሥር የምታወጣኝ ሌላ ነፍስ በአካባቢው የለችም።

«እማ፣ ይነሡ። ትንሿን መጋዝ ያምጡልኝ» አልኩ።

«ያንን ጩኸታም?»

«አዎ። መጀመሪያ ግን ድንጋይ። ከእግሬ ግራና ቀኝ ከግንዱ ሥር ይሸጉጡ፤ አጥብቀው።»

ሸጎጡ። መጋዟን አመጡ። ግንዱ ከእግሬ እስከ ተሰበረበት ድረስ አጭር ነው፤ ክብደቱ ያለው ወደ ጫፉ በኩል ነበር። ከእግሬ ወደ ጫፉ በኩል ቢቆረጥ የቀረው በመቆፈሪያ ይነሣል። እኔ ግን እጄ እዚያ አይደርስም። በጀርባዬ ተኝቼ ገመዱን ሳብኩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ በሦስተኛው ተነሣ። በትልቁ ቢሆን ኖሮ ተኝቼ ላስነሣው አልችልም፤ እሳቸውም ሊሸከሙት አይችሉም።

ሞተሩ እጄ ላይ እየጮኸ ዓይን ለዓይን ተያየን። በዚያች ቅጽበት በልቤ ያለፈውን አልጽፍልህም። እጄን ዘረጋሁና ሰጠኋቸው።

«በሁለት እጅዎ! አውራ ጣትዎን ከሥሩ! እዚህ ጋ፣ ከታች ወደ ላይ! አይግፉት፣ ራሱ ይበላዋል!»

ስድሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ጠምጥመው፣ ከንፈራቸው ጸሎት እያነበነበ፣ ዓይናቸውን ከእጃቸው ሳይነቅሉ ቆረጡ። የእንጨቱ ዱቄት ፊቴ ላይ ዘነበ። አንድ ጊዜ መጋዟ ዘለለችባቸው፤ ፍሬኑ ያዛት። እንደገና አስነሣሁላቸው። ሁለተኛ ጀመሩ። ግንዱ ሲለያይ መጋዟን እንዳስተማርኳቸው አስቀመጡና መቆፈሪያውን ከተው በደረታቸው ተጋደሙበት። እግሬን በክንዴ ጎትቼ አወጣሁት። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

የመንደሩ ሰው ከለቅሶ ሲመለስ በቃሬዛ አድርጎ ሰቆጣ ሆስፒታል አደረሰኝ። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፣ አልደቀቀም። ሁለት ወር ከግማሽ በጄሶ ተኛሁ። ያጠቡኝ፣ ያጎረሱኝ፣ ደግፈው ያስነሡኝ እናትህ ናቸው። መጀመሪያ ሦስት ሳምንት አላናገርኳቸውም። እሳቸውም አልተማጸኑኝም። የስልክ ቁጥርህ ያለበትን ወረቀትና ፎቶውን ከትራሴ ሥር አድርገውልኝ ሄዱ። ልጅህ ግንባሯ ያንተ ነው። ስሟን ከፎቶው ጀርባ አነበብኩት፤ ሊድያ። እናቷ አማርኛ ማንበብ የምትችል ከሆነ ይህን ደብዳቤ አትደብቃት፤ እሷ ምንም አልበደለችኝም።

ጄሶው ሲፈታልኝ ሽማግሌ ጠራሁ። ምሳው፣ ያንተ አጎት ወልደ ገብርኤልና ካህኑ ተቀመጡ። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እናትህ ተነሥተው ቆሙና ሁሉን ተናገሩ፤ መላኩን፣ መደበቃቸውን፣ ለሁለታችንም መዋሸታቸውን። በመንደሩ የተከበሩ ሴት ናቸው፤ አንድም ሰው ያስገደዳቸው የለም። አጎትህ አንገታቸውን ደፉ። ካህኑ «ትዳሩ ፈርሷል፤ ልጅቱ ነፃ ናት» አሉ። የፍቺው ወረቀት በፍርድ ቤትም ጸድቋል፤ ቅጂው እዚሁ ፖስታ ውስጥ አለ።

እንግዲህ ይህን ነው እንድታውቅልኝ የፈለግሁት፤ እያወቅኩ የቀረሁ መስሎህ ኖሯል። አልነበረም። ፈቃዴን ማንም አልጠየቀኝም። እናትህን ይቅር ብያቸዋለሁ፤ በአንድ ቀን አልሆነልኝም፣ አሁንም አንዳንድ ጠዋት እንደ አዲስ ይቅር ማለት አለብኝ። አንተን ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሚስትህን የሚያህል ሰው በሹፌር አፍ ስታሰናብት፣ መልሱን ከራሷ አንደበት መስማት አላማረህም? ወይስ «አልሄድም አለች» ሲሉህ ቀለለህ? እኔን እዚህ ማሰብ እናትህን ብቻቸውን ከማሰብ ይቀልሃልና። እንደዚያ ከሆነ የደበቅኸኝ አንተም ነህ።

ነፃ ነሽ ከተባልኩ ወር ሆኖኛል። ልብሴን ቋጥሬአለሁ። ሸምሲያ መጋዝ ጥገናውን ከነስረዲን ጋር እንድይዝ ሱቋ ውስጥ ቦታ ሰጥታኛለች፤ ምሳውም አንድ ክፍል ለቆልኛል። ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ እላለሁ። ከዚያ እናትህ ማሰሮ ሊያነሡ ሲጎነበሱ፣ ቀና ማለት ሲያቅታቸው አያለሁ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ደጃፉ ላይ ቆሜያለሁ፤ እግሬ አይነሣልኝም። ማንም ሳይይዘኝ የተያዝኩት አሁን ነው።

ትናንት ግን ወሰንኩና ነገርኳቸው። «እማ፣ እኔ እሄዳለሁ፤ እርስዎም ከእኔ ጋር ይምጡ። ክፍሉ ለሁለት ይበቃናል» አልኳቸው። «እንደ ምን ሆነሽ ትወስጂኛለሽ? ምራቴ እኮ አይደለሽም አሁን» አሉኝ። «ማን እማ ይለኛል ብለው አልነበር?» አልኳቸው። ተነሥተው ልብሳቸውን ይለቅሙ ጀመር። አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ፤ «እስከ መስቀል እንቆይ፤ ምናልባት ይመጣ እንደሆን።»

እስከ መስቀል ተስማምቻለሁ። እኔ አንተን ሰባት ዓመት ያለ ቀን ጠብቄሃለሁ፤ አሁን ግን ቀን ቆርጬልሃለሁ። ልጅህን ይዘህ ና፤ አያቷን ትያቸው። ከመጣህ እናትህን ታገኛለህ፣ ቤትህንም። ካልመጣህ በመስቀል ማግስት በሩን ዘግተን እንወጣለን፤ እናትህን ልታይ የፈለግህ ቀን ሰቆጣ ገብተህ የዓይናዲስ ቤት የት ነው ብለህ ትጠይቃለህ።

ደኅና ሁን።

ዓይናዲስ ምሕረቱ